የሰርግ ወርቄ ተሰርቆ ካሳ እስክቀበል፦ ስድስት ወር ያስተማረኝ

የገብርኤል ዕለት ነበር፤ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.። ሐዋሳ የኖረ ሰው ቀኑን ያውቀዋል። ከተማው ከየአገሩ በመጣ ምዕመን ይሞላል። ባጃጅ አይገኝም። ሰፈሩ በሙሉ ነጭ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይጎርፋል፤ ቤት የሚቀር ሰው ጥቂት ነው። እኛም እህቴንና ልጆቿን ይዘን በጠዋት ወጣን። የተመለስነው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው።

የመኝታ ቤቴን በር ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት መጋረጃውን ነው። በመስኮቱ ወደ ውጭ ወጥቶ በነፋስ ይርገበገባል። ቀጥሎ ወለሉ ላይ የተበተነውን መስታወት አየሁ። የቁም ሳጥኑ መሳቢያ ከነቁልፉ ተፈልቅቆ አልጋው ላይ ተገልብጧል። የወርቅ ቤቱ ቀይ ሳጥን ክፍት ነው፤ ውስጡ ባዶ።

የተወሰደው እናቴ በ2002 ለሰርጌ የሰጠችኝ የአንገት ሀብልና ሁለት አምባር ነው። በአንድ ላይ 50 ግራም፣ 21 ካራት። ጉትቻውን፣ ቀለበቱንና ሌላኛውን ሀብል ለበዓሉ አድርጌያቸው ስለነበር ተረፉ። እናቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆኗታል። ስለዚህ ያን ቀን ያስለቀሰኝ የወርቁ ዋጋ አልነበረም።

ኢንሹራንስ እንዳለን ትዝ ያለው ባለቤቴን ነው። ቤታችንን በባንክ ብድር ስንሠራ ባንኩ የእሳት ኢንሹራንስ እንድንገባ አስገድዶን ነበር። ያኔ፣ በ2013፣ የኢንሹራንሱ ወኪል የቤት ዕቃና ጌጣጌጥ ስርቆትንም እንድንጨምር መከረን። ጨመርን። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን አንድም ቀን ገልጬ አላነበብኩትም። ይህን የምጽፈው እናንተ ዛሬውኑ አውጥታችሁ እንድታነቡት ነው።

የመጀመሪያውን ስህተት የሠራሁት ገና ቤት እንደገባሁ ነው። የእህቴ ትንሹ ልጅ ባዶ እግሩን ነበር። መስታወቱ እንዳይወጋው ብዬ መጥረጊያ አነሳሁና ጠረግኩ። ባለቤቴ ደግሞ የተጣመመውን የመስኮት ፍርግርግ ‹‹ሌሊቱን ክፍት አይደር›› ብሎ በእጁ ታግሎ መለሰው። ፖሊስ ሲመጣ ክፍሉ ንጹህ ነው፤ ፍርግርጉም በቦታው ቆሟል። መርማሪው በሩ ላይ ቆሞ ‹‹ለምን ነካችሁት?›› አለን። መልስ አልነበረኝም።

ይህ ነገር ለምን ትልቅ እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። የስርቆት ኢንሹራንስ የጠፋ ዕቃን ሁሉ አይከፍልም። የኛ ውል ‹‹በኃይል ሰብሮ በመግባት ወይም በመውጣት የተፈጸመ ስርቆት›› ይላል። ክፍት በሆነ በር የገባ ሌባ በዚህ ውል አይሸፈንም። ስለዚህ የተሰበረው መስኮት ለኔ ማስረጃ ነበር። እኔ ግን ማስረጃዬን ጠርጌ ቆሻሻ ውስጥ ከተትኩት። እባካችሁ፣ ቤታችሁ ተሰብሮ ካገኛችሁት ልጆቹን ይዛችሁ ውጡና በሩን ዝጉ። ምንም ነገር ሳትነኩ በስልካችሁ ከሩቅም ከቅርብም ፎቶ አንሱ። ከዚያ ፖሊስ ጥሩ። መጥረጊያው ይደርሳል።

ሁለተኛው ስህተት የተፈጠረው ፖሊስ ጣቢያ ነው። ቃሌን ስሰጥ ድንጋጤው አልለቀቀኝም። መርማሪው ‹‹መስኮቱ ተዘግቶ ነበር?›› ሲለኝ ‹‹እንጃ፣ ጠዋት ተቻኩለን ስለወጣን ረስቼው ይሆን?›› አልኩ። ለራሴ ያወራሁ ያህል ነበር። እሱ ግን ጻፈው። እኔም ሳላነበው ፈረምኩ። ከሁለት ወር በኋላ ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር በኢንሹራንስ ድርጅቱ ደብዳቤ ላይ ‹‹መድን ገቢዋ መስኮቱ ክፍት እንደነበር ለፖሊስ ገልጸዋል›› ተብላ መጣችልኝ። እኔ ‹‹ይሆን?›› ነው ያልኩት። ወረቀቱ ላይ ‹‹ነበር›› ሆነ። ቃል ስትሰጡ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ። የማታውቁትን ‹‹አላውቅም›› በሉ። ከመፈረማችሁ በፊት ቃላችሁ ይነበብላችሁ፤ ያላላችሁት ካለ አሳርሙ። ቃል የማሳረም መብት አላችሁ። ማንም አይቆጣችሁም፤ ቢቆጣም ይለፍ።

አሁን ለመጻፍ ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። ጎረቤት ተሰብስቦ ሲያጽናናን አንዲት እናት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ‹‹ልጅቷንስ ጠይቃችኋታል?›› አሉኝ። የቤት ሠራተኛችንን ማለታቸው ነው። ከኛ ጋር ስትኖር ሦስተኛ ዓመቷ ነበር። ያን ቀን እሷም እንደኛ በጠዋት ገብርኤል ሄዳ ነበር። እኔ ‹‹እሷ አታደርገውም›› ማለት ነበረብኝ። ዝም አልኩ። ፖሊሶቹም መጀመሪያ የጠየቁት ስለ እሷ ነው። ጣቢያ ወስደዋት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ተቀመጠች። ስትመለስ ነጠላዋን እንደተከናነበች ማድቤት ገብታ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች። ‹‹እትዬ፣ ራት ምን ልሥራ?›› አለችኝ፤ ቀና ብላ ሳታየኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ሳይመሽ ይቅርታ ጠየቅኳት። ነገሩ ከኢንሹራንሱም ጋር ይገናኛል። ብዙ የስርቆት ውሎች በቤተሰብ አባል ወይም በቤት ሠራተኛ የተፈጸመን ስርቆት አይሸፍኑም። የካሳ መጠየቂያው ቅጽ ላይ ‹‹የሚጠረጥሩት ሰው አለ?›› የሚል ጥያቄ አለ። ሰው በንዴት ‹‹ሠራተኛዋ›› ብሎ ይሞላዋል። እንዲህ ሲሆን ያለ ማስረጃ የሰው ልጅ ስም ይጠፋል፤ የራስ ጥያቄም ውድቅ የሚሆንበት በር ይከፈታል። እኔ ‹‹የምጠረጥረው ሰው የለም›› ብዬ ጻፍኩ፤ እውነቱ እሱ ስለነበር።

ሦስተኛው ስህተቴ ስልክ ነው። ያኑ ዕለት ማታ ለወኪሉ ደወልኩለት። ‹‹አይዞሽ፣ እኔ አሳውቃለሁ›› አለኝ። በቃ፣ ጨረስኩ ብዬ ተቀመጥኩ። ውላችን ግን ጉዳቱ ሳይዘገይ በጽሑፍ ለድርጅቱ እንዲገለጽ ነው የሚያዘው። ደብዳቤ ይዤ ቅርንጫፉ የሄድኩት በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ወኪል ወዳጃችሁ ሊሆን ይችላል፤ ጥሩ ሰውም ሊሆን ይችላል። ለወኪል መናገር ግን ለድርጅቱ ከመጻፍ ጋር አንድ አይደለም። ዕቃ ቢጠፋባችሁ በማግስቱ አጭር ደብዳቤ ጻፉ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የጠፋውንና ያመለከታችሁበትን የፖሊስ ጣቢያ የያዘ። በሁለት ቅጂ አድርጉት። አንዱ ላይ የገቢ ማኅተምና ቀን አስመትታችሁ ለራሳችሁ አስቀሩ። ያ ማኅተም ያለበት ቅጂ በኋላ ስንት ክርክር እንደሚያስቀር!

ከዚያ የማስረጃ ጊዜ መጣ። ድርጅቱ የጠየቀኝ የፖሊስ ማስረጃ፣ የካሳ መጠየቂያ ቅጽ፣ የወርቁ ደረሰኝና የወቅቱ የዋጋ ግምት ነበር። የአምባሮቹ ደረሰኝ ነበረኝ። የሀብሉ አልነበረኝም። ማን ከእናቱ ስጦታ ላይ ደረሰኝ ይጠይቃል? ውላችን ላይ ደግሞ ‹‹የወርቅ ጌጣጌጥ፣ 80 ግራም፣ 240,000 ብር›› ብቻ ነው የሚለው። የትኛው ጌጥ ስንት ግራም እንደሆነ የተዘረዘረ ነገር የለም።

እናቴ ሀብሉን የገዛችው አዲስ አበባ ፒያሳ ነው። ወንድሜ ሄዶ ሲያየው ሱቁ የለም። በ2016 በኮሪደር ልማቱ ሰፈሩ ሲነሳ እነሱም ለቀዋል። ወንድሜ ተስፋ አልቆረጠም። አንዱን ወርቅ ሠሪ ሲጠይቅ ወደ ሌላው እየላኩት በሦስተኛው ቀን ባለቤቱን አዲሱ ሱቃቸው ውስጥ አገኛቸው። ሽማግሌው የድሮ የካርቦን ደረሰኝ ጥራዞቻቸውን በካርቶን ይዘው ነው የዞሩት። የእናቴ ስም፣ 32 ግራም፣ ጥር 2002። ወንድሜ ፎቶውን በቴሌግራም ሲልክልኝ የካርቦኑ ሰማያዊ ቀለም ደብዝዞ ስሟ በግድ ነበር የሚነበበው። ስልኩን አጠገቤ አድርጌ ብዙ አለቀስኩ። ባለ ሱቁ ማኅተማቸውን አድርገው የማረጋገጫ ደብዳቤም ጻፉልን።

ለሁሉም ሰው እንዲህ ዓይነት ዕድል አይገጥምም። ስለዚህ አሁን፣ ምንም ሳይጠፋባችሁ፣ ወርቃችሁን ወርቅ ቤት ወስዳችሁ አስመዝኑ። እያንዳንዱ ጌጥ ለብቻው፣ ግራሙና ካራቱ ተጽፎ፣ በማኅተም። ከሚዛኑ አጠገብ ፎቶ አንሱት። ወረቀቱን ወርቁ ካለበት ቤት ውስጥ ብቻ አታስቀምጡ፤ ፎቶውን ለእህት ወይም ለወንድም ላኩት። ውድ ሰዓት፣ ካሜራ ወይም ላፕቶፕ ላላችሁም ያው ነው፤ የነሱን ደግሞ የመለያ ቁጥር ጻፉ። ውሉ ላይም በስም አስመዝግቧቸው። ብዙ ውሎች በዝርዝር ላልተመዘገበ አንድ ዕቃ የሚከፍሉት ጣሪያ አላቸው። የሰርግ አልበምም አይናቅ። ሀብሉ አንገቴ ላይ ያለበትን አራት ፎቶ አሳትሜ አያይዣለሁ፤ ገምጋሚው ከሁሉ በፊት ያነሳው እነሱን ነው።

የካቲት መጨረሻ ላይ መልሱ መጣ። ‹‹የካሳ ጥያቄዎን ለመቀበል የምንቸገር መሆኑን እንገልጻለን።›› ምክንያቱ ሦስት ነው። በኃይል የመሰበር ምልክት በግልጽ አልታየም፤ መስኮቱ ክፍት እንደነበር ለፖሊስ ተገልጿል፤ በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታው ዘግይቷል። ባለቤቴ ‹‹ተይው፣ ይቅር›› አለኝ። እኔም ለአንድ ሳምንት ያህል ትቼው ነበር።

ነገሩን የቀየረችው የእህቴ ልጅ ናት፤ የ14 ዓመት ልጅ። እቤት መጥታ ደብዳቤውን ስታነብ ‹‹አክስቴ፣ እኔ እኮ ፎቶ አንስቼዋለሁ›› አለችኝ። እኔ መጥረጊያ ፍለጋ ስሮጥ እሷ የተሰበረውን መስኮት አንስታ ‹‹ቤታቸው ተሰበረ›› ብላ ለአባቷ በቴሌግራም ልካለት ነበር። ፎቶው ላይ የፍርግርጉ ብየዳ በሁለት ቦታ ተላቆ፣ ብረቱ ወደ ውስጥ ተጣሞ፣ መስታወቱ ወለል ላይ ተበትኖ በደንብ ይታያል። የተላከበት ቀንና ሰዓትም አለ።

ከዚያ በኋላ በርትቼ ተነሳሁ። በበዓሉ ማግስት ፍርግርጉን መልሶ የበየደው ልጅ ደረሰኝ ሰጥቶን ነበር፤ ፈልጌ አገኘሁት። ‹‹የተሰበረ መስኮት ብየዳ›› ይላል፤ ቀኑም አለ። ጣቢያ ሄጄ ተጨማሪ ቃል ሰጠሁ። መጀመሪያ ቃሌን የሰጠሁት በድንጋጤ መሆኑን፣ መስኮቱ ክፍት ነበር ብዬ እንዳላረጋገጥኩ አስረዳሁ። ለወኪሉ በዚያው ምሽት መደወሌን የሚያሳይ የስልክ ዝርዝር አያያዝኩ። ወኪሉም መስማቱን ሳያንገራግር በጽሑፍ አረጋገጠልኝ። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ይግባኙን ለቅርንጫፉ አልጻፍኩም፤ ለዋናው መሥሪያ ቤት የካሳ ክፍል ነው። ሦስቱን ምክንያት አንድ በአንድ ቁጥር ሰጥቼ፣ ከየምክንያቱ ሥር ማስረጃውን ጠቅሼ፣ ያለ ስድብና ያለ ልመና። መጀመሪያ የጻፍኩት ረቂቅ አራት ገጽ ነበር፤ በእናቴ የተሞላ። በባንክ የምትሠራ ጓደኛዬ አንብባ አንድ ገጽ ተኩል አደረገችው። ‹‹ይሄ የልብሽ ነው፣ ያዢው። ይሄኛውን ላኪው›› አለችኝ። ድርጅቱ እምቢ ቢል ቀጣዩ በር የመድን ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው፤ ከዚያ ፍርድ ቤት። የንግድ ሕጋችን ከመድን ውል ለሚነሳ ክስ የሁለት ዓመት ይርጋ፣ ማለትም ካለፈ መክሰስ የማይቻልበት የጊዜ ገደብ፣ አስቀምጧል። ‹‹እያየነው ነው›› እየተባላችሁ ጊዜው እንዳያልፍባችሁ ቀን ቁጠሩ። ለኔ እዚያ መድረስ አላስፈለገኝም። ግንቦት ላይ ‹‹ጥያቄዎ ተቀባይነት አግኝቷል›› አሉኝ።

ቀጥሎ የመጣው ግን የገንዘቡ ነገር ነው። ከሁሉ በላይ እንድታነቡልኝ የምፈልገው ይህን ነው።

የጠፋው 50 ግራም በጊዜው ዋጋ፣ ወርቅ ቤቱ በሰጠው ግምት መሠረት በግራም 9,000 ብር፣ 450,000 ብር ነው። ውሌ ላይ ያለው መጠን 240,000 ብር ነው። እኔ በሐሳቤ ‹‹ጉዳቴ ከ240,000 በላይ ስለሆነ ቢያንስ እሱን ይከፍሉኛል›› ብዬ ነበር። የመጣልኝ ስሌት 135,000 ብር ይላል።

የካሳ ክፍሏ ሠራተኛ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ‹‹ወይዘሮ፣ ያስመዘገቡት ወርቅ 80 ግራም ነው። የዛሬ ዋጋው 720,000 ብር ነው። እርስዎ ኢንሹራንስ የገቡለት 240,000፣ የዋጋው አንድ ሦስተኛ ነው። ስለዚህ ከጉዳቱም የምንሸፍነው አንድ ሦስተኛውን ነው።›› የ450,000 ሲሶ 150,000። ከዚያ ላይ በውሉ መሠረት ራሴ የምሸከመው 10 በመቶ፣ 15,000 ብር ተቀነሰ። ተናደድኩ። ወረቀቱን ወስጄ ቤት ስመለከተው ግን ውሉ ላይ አለ፤ በትንንሽ ፊደል፣ ገጽ አራት። ከዋጋው በታች የተመዘገበ ንብረት ሲጎዳ ካሳው በዚያው ልክ ይቀነሳል፤ ቀሪውን ባለቤቱ ራሱን እንደ መድን ሰጪ ሆኖ ይሸከማል።

ያ የዋጋ ልዩነት ከየት መጣ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የዓለም የወርቅ ዋጋም እየጨመረ ነበር። የኔ ውል የሚታደሰው በየዓመቱ መስከረም ላይ ነው። በመስከረም 2017 ወኪሉ ደውሎ ‹‹በነበረው ይታደስ?›› ሲለኝ ገበያ ውስጥ ነበርኩ፤ በአንድ እጄ ዘንቢል፣ በአንድ እጄ ስልክ። ‹‹አዎ፣ በነበረው›› አልኩት። ግማሽ ደቂቃም አልፈጀም። በኋላ እንዳሰላሁት ወርቁን በወቅቱ ዋጋ ለማስመዝገብ የምጨምረው አረቦን፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የምከፍለው ክፍያ፣ ከአንዲት ግራም ወርቅ ዋጋ ያነሰ ነበር። ‹‹ይታደስ?›› ተብላችሁ ስትጠየቁ እባካችሁ ‹‹ቆይ፣ ዋጋውን ልይ›› በሉ። ወርቅ ቤት ደውሉ፣ የግራሙን ዋጋ ጠይቁ፣ አባዙት። ለመኪናም፣ ለቤትም፣ ለሱቅ ዕቃም እንዲሁ ነው።

ገንዘቡን ከመቀበላችሁ በፊት የምትፈርሙት የመጨረሻ ወረቀት አለ። ‹‹ሙሉ ካሳዬን ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም›› የሚል ነው። እዚያው ጠረጴዛ ላይ አትፈርሙ። ቅጂውን ወስዳችሁ እደሩበት፤ ስሌቱንም በጽሑፍ ጠይቁ። እኔ ሁለት ቀን ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ከስሌቱ ውስጥ የሚታረም ነገር አላገኘሁም። አውቄ መፈረሜ ግን በራሱ ሰላም ሰጥቶኛል።

አንድ ነገር ግን አስጨመርኩ። ድርጅቱ ካሳ ከከፈለ በኋላ በከፈለው መጠን የኔን መብት ይወርሳል። ሌባው ቢያዝ ሊጠይቀው ይችላል፤ ወርቁ ቢገኝም ድርሻ ይኖረዋል። ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። ሀብሉ ቢገኝ ሊሸጡት ነው? ጠየቅኩ። ሠራተኛዋ ኃላፊዋን አማክራ ተመለሰችና ‹‹ይጻፍልሽ›› አለችኝ። ‹‹እናቴ›› የሚል ቃል ሰምታ ይሁን ወይም አሠራሩ ስለሚፈቅድ አላውቅም፤ ከ‹‹እርስዎ›› ወደ ‹‹አንቺ›› የወረደችው ግን ያኔ ነው። ሀብሉ ከተገኘ የተቀበልኩትን ካሳ በድርሻው መልሼ በቅድሚያ የመውሰድ መብት እንዳለኝ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ስምምነቱ ላይ ተጨመረ። የማስታወሻ ዋጋ ያለው ዕቃ ከጠፋባችሁ ይህን ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ ማንም አያነሳላችሁም።

ሰኔ ላይ ገንዘቡ ገባልኝ። መስኮቶቹን ሁሉ በወፍራም ብረት አስቀየርን፤ የቀረውን ወርቅ አስመዝነን በአዲሱ ዋጋ አስመዘገብን። የቤት ሠራተኛችን አሁንም ከኛ ጋር ናት፤ ማታ ማታ ትማራለች። ሀብሉ አልተገኘም። በየወሩ መጨረሻ የመዝገብ ቁጥሩን ይዤ ጣቢያ ጎራ እላለሁ። መርማሪው አሁን ቁጥሩን ሳልነግረው ያስታውሰዋል።